የአርሲኖይቴሪየም ራስ፣ የሽኮኮ ገላ፦ ድቅል እንስሳ በሽቦ፣ በጭቃና በቃጫ እየሠራሁ ነው፤ አንገቱ ላይ ሐሳብ አምጡ

ባለሽቦ (ውይይቱን የከፈተ)

ሰላም ወገኖች። ለአንድ የቡድን ዐውደ ርእይ ቅርጽ እየሠራሁ ነው። ርእሱ የጠፉ እንስሳት ነው። ሌሎቹ ማሞት ምናምን ይዘዋል። እኔ እዚሁ አገራችን የኖረ ነገር ፈለግሁ።

ጭልጋን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ከጎንደር ወደ መተማ ሲኬድ ነው። እዚያ ከ27 እስከ 28 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላቸው ቅሪተ አካላት ተገኝተዋል። ዜናው በሰፊው የተሰማው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ከተገኙት እንስሳት አንዱ አርሲኖይቴሪየም ይባላል። ሥዕሉን ያየ ሁሉ አውራሪስ ነው ይላል። አይደለም። አፍንጫው ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ግዙፍ ቀንዶች አሉት። ከዓይኑ በላይ ደግሞ ሁለት ትንንሽ ቀንዶች። ዛሬ ካሉት እንስሳት የሚቀርቡት ዝሆንና ሽኮኮ ናቸው። አዎ፣ ገደል ላይ ተኝታ ፀሐይ የምትሞቀው ያቺው ሽኮኮ።

ይሄን ሳነብ ነው ነገሩ ብልጭ ያለልኝ። የአርሲኖይቴሪየም ራስ፣ የሽኮኮ ገላ። ርዝመቱ 90 ሳንቲሜትር ገደማ፣ ቁመቱ ትከሻው ላይ 50።

ዕቃው እንዲህ ነው፦ ለአጽሙ ፌሮ፣ ለሰውነቱ የዶሮ ሽቦ፣ በላዩ ጋዜጣ በኮላ፣ ከዚያ ጭቃ በጭድ፣ ለጠጉሩ ቃጫ። ቀንዱን እውነተኛ የበሬ ቀንድ ላድርገው እያልኩ ነው።

አስቸጋሪው አንገቱ ነው። ከወረቀት የሠራሁትን ራስ ገላው ላይ ሳስጠጋው አንድ እንስሳ አይሆንልኝም። ሽኮኮ የሌላ ሰው ባርኔጣ ደፍታ የቆመች ነው የሚመስለው። ምን ትላላችሁ?

የድሮ አጥንት

ምርጫህ አሪፍ ነው። እንስሶቹ ዘመድ ስለሆኑ ግማሹ ሥራ አልቆልሃል። የአንበሳ ራስ ፍየል ላይ ከመትከል ይሄ ይቀላል።

አንገቱ ላይ ያለው ችግር የቆዳ አይመስለኝም። የትከሻ ነው። ከባድ ራስ የሚሸከም እንስሳ ትከሻው አካባቢ ያሉት የአከርካሪ አጥንቶቹ ወደ ላይ ረጅም ሹል ያወጣሉ። ራሱን ቀና አድርጎ የሚይዘው ወፍራም ጅማት የሚነሣው ከዚያ ነው። ጎሽን እየው፣ አውራሪስን እየው፤ ሁለቱም ትከሻቸው ላይ ጉብ ያለ ነገር አለ። ሽኮኮ ግን ራሷ ቀላል ነው፤ ጀርባዋ ለስላሳ ቅስት ነው፣ አንገቷም አጭር። ያንን ጀርባ እንዳለ ትተህ ባለ አራት ቀንድ ራስ ብትሰቅልበት፣ የሚያየው ሰው ምክንያቱን ባያውቅም «ይሄ ነገር ይወድቃል» ይላል።

ስለዚህ የሽኮኮውን ጀርባ ከመሀል ወገብ በኋላ ጠብቀው። ትከሻውን ግን ለራሱ ሥራለት። ያ ትከሻ የሽኮኮም የአርሲኖይቴሪየምም አይደለም። የአንተ እንስሳ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ቀንዱ ላይም አንድ ነገር ልበል። የአውራሪስ ቀንድ ውስጡ አጥንት የለውም። የአርሲኖይቴሪየም ቀንድ ግን ራሱ አጥንት ነው፤ ውስጡ ባዶ፣ ግድግዳው ስስ። ላዩ ላይ የደም ሥር የሄደባቸው ቦዮች ይታያሉ። ስለዚህ እንደ ከብት ቀንድ ልባስ ነበረው ተብሎ ይገመታል። ለአንተ ሥራ የሚጠቅምህ እዚህ ላይ ነው፦ ሁለቱ ትልልቅ ቀንዶች ከሥር በኩል ሰፊ ናቸው፣ ከአፍንጫው አጥንት ጋር አንድ ሆነው ነው የሚነሡት። አፍንጫው ላይ የተለጠፉ እንዳይመስሉ ተጠንቀቅ።

ሚሚ ዘፒያሳ

ዳይኖሰር ብትሠራ አይሻልም ግን? ሕዝቡ የሚያውቀው እሱን ነው። አርሲኖ ምናምን ብትል ማን ይሰማሃል 😄

ባለሽቦ

ሚሚዬ፣ ዳይኖሰሮችማ ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው ያበቁት፤ ከወፎች በቀር። የእኔ ጓደኛ የመጣው ከዚያ በጣም ዘግይቶ ነው። የሰሜኑን ተራሮች የሠራው ትልቁ የላቫ ፍሰት እንኳ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው ዕድሜው። የጭልጋ እንስሳት ከዚያ በኋላ፣ ያ ጥቁር ድንጋይ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ደን ውስጥ የኖሩ ናቸው። አፍሪካና አረቢያ ያኔ ከአውሮፓና ከእስያ በባሕር ተለይተው ለብቻቸው ነበሩ። ለዚህ ነው የሌላ ዓለም እንስሳ የሚመስለው።

ደግሞ ዳይኖሰር በየሕፃናት መጫወቻው አለ። ይሄን ግን ጎንደር የተወለደ ሰው እንኳ ሰምቶት አያውቅም።

ጋሽ መዶሻ

ልጄ፣ ስለ ትከሻው የተጻፈውን አነበብኩት፤ ደህና ነው። እኔ ስለ ብረቱ ልንገርህ። ዕድሜዬን ብየዳ ላይ ነው የፈጀሁት።

ራሱን ለብቻ፣ ገላውን ለብቻ ሠርተህ አታገጣጥም። ነገሩ የሚበላሸው እዚያ ነው። ከአፍንጫው ጫፍ እስከ መቀመጫው አንድ ፌሮ ይሂድ። ሳይቆረጥ። ያንን ፌሮ መሬት ላይ በጠመኔ በሣልከው መስመር ላይ እያስተኛህ እጠፈው። ትከሻው ጋ ይነሣ፣ አንገቱ ጋ ይውረድ፣ ከዚያ ወደ ራሱ ይግባ። መስመሩ ያማረ እንደሆነ ገና ብረቱ ራቁቱን ሳለ ታየዋለህ። ካላማረ ጭቃ አያድነውም።

ለጀርባው ባለ 8 ሚሊሜትር ፌሮ ይበቃል። የፊት እግሮቹን ግን ባለ 10 አድርግ፤ ሸክሙ ወደ ፊት ነው። አራቱም እግሮች ከመዳፋቸው በታች ትንሽ ይትረፉ። ጣውላውን በስተህ አሳልፋቸውና ከሥር አጥፈህ በየዳቸው። ብየዳ ከሌለህ በጥቁር ሽቦ አስረህ በፒንሳ አክርረው። ግን በየመገጣጠሚያው አግድም ብረት ግባበት፣ ሦስት ማዕዘን ይሥራ። አራት ማዕዘን የሆነ ነገር ይወላገዳል።

ከዚያ ምንም ሳታለብሰው አፍንጫው ላይ ሦስት ኪሎ የሚሆን ድንጋይ አንጠልጥልና አሳድረው። ጠዋት አፍንጫው ወርዶ ካገኘኸው ብረት ጨምር። ካልወረደ ሽቦህን አልብሰው።

ባለሽቦ

ጋሼ እጅዎ ይባረክ። ድንጋዩን ማንጠልጠል በፍጹም አላሰብኩትም ነበር። ራሱን ከአንዱ ፌሮ ላይ እንደ አዲስ እጀምረዋለሁ።

ነጻ እጅ

ከይቅርታ ጋር ትንሽ ልረብሽ። ውይይቱ ወደ ባዮሎጂ ክፍል ተቀየረ እኮ። ድቅል እንስሳ ምናብ ነው። ጅማቱ ከየት ተነሣ፣ አጥንቱ የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሙዚየም ይሂድ።

በዓለም ላይ ካሉት ጥንታውያን ቅርጾች አንዱ የሰውና የአንበሳ ድቅል ነው። ጀርመን አገር፣ ሆለንሽታይን ሽታደል የሚባል ዋሻ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1939 ነው የተገኘው። ከማሞት ጥርስ የተቀረጸ፣ ቁመቱ 31 ሳንቲሜትር፣ ዕድሜው 40,000 ዓመት ገደማ። የቀረጸው ሰውዬ የአከርካሪ አጥንት ሹል አላጠናም። የሰው ገላ ላይ የአንበሳ ራስ አደረገበት፣ አለቀ። እስከ ዛሬ አፍ ያስከፍታል።

እኔ ብሆን የአንገቱን ስፌት ጭራሽ አጎላው ነበር። በቆዳ ጠፍር እሰፋዋለሁ። ሰው የተሰፋ መሆኑን ይይ።

የድሮ አጥንት

ነጻ እጅ፣ ጥሩ ምሳሌ ነው ያመጣኸው፤ ግን ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ያ ሰውዬ አጥንት ባያጠና አንበሳ አይቶ ነበር፣ ያውም ከእኛ አቅርቦ። ሁለተኛ፣ ቅርጹ ከአንድ ጥርስ ነው የወጣው። ቀለሙ አንድ፣ ልስላሴው አንድ፣ የቢላው አሻራ አንድ። ዕቃው ራሱ ሰውየውንና አንበሳውን አንድ አድርጓቸዋል። ባለሽቦ የያዘው ብረት፣ ወረቀት፣ ጭቃ፣ ቀንድና ቃጫ ነው። ዕቃው ሁሉ ወደየራሱ ይጎትታል። አንድ የሚያደርገው ነገር ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። እኔ ከአጥንቱ ይምጣ ነው የምለው።

ስፌቱን ማጉላት ይቻላል። ግን ያ ሌላ ሥራ ነው። «ሰው የሰፋው እንስሳ» ነው የሚሆነው። ባለሽቦ የፈለገው የኖረ የሚመስል ነገር መሰለኝ።

ባለሽቦ

አዎ፣ የኖረ የሚመስል። ነጻ እጅ ግን የቆዳ ጠፍሩ ሐሳብ ለሌላ ጊዜ ተይዟል፣ አልለቀውም።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ከዚህ ከሜሪላንድ ሰላም ብያለሁ። ይሄ ክርክር ድሮም ነበረ።

ክላገንፉርት የሚባል የኦስትሪያ ከተማ አደባባዩ ላይ የድራጎን ሐውልት አለ። 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የተሠራ ነው። የራሱ ቅርጽ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1335 ከከተማዋ አጠገብ ከተገኘ ራስ ቅል ነው ይባላል። የከተማው ሰው የድራጎን ራስ ነው ብሎ አክብሮ አስቀምጦት ኖሯል። በኋላ ሲታይ በበረዶው ዘመን የኖረ የጠጉራም አውራሪስ ራስ ቅል ሆኖ ተገኘ። ቀራጺው ድራጎን መሥራቱ ነው፤ እጁ ግን እውነተኛ አጥንት ነው የተከተለው።

ለንደን ክሪስታል ፓላስ ያሉት ደግሞ በተቃራኒው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1854 ቤንጃሚን ዋተርሃውስ ሆኪንስ የሚባል ቀራጺ የጠፉ እንስሳትን በሙሉ ቁመታቸው ሠራ። ብረት፣ ጡብ፣ ሸክላና ሲሚንቶ ነው የተጠቀመው፤ ቅይጥ ሥራ ከተባለ እሱ ነው። ኢጓኖዶን የሚባለውን ዳይኖሰር አፍንጫው ላይ ቀንድ አደረገለት። በኋላ ሙሉ አጽም ሲገኝ ያ ሹል ነገር አውራ ጣቱ ላይ የሚበቅል ሆኖ ተገኘ። ሐውልቱ ግን ቀንዱን እንደያዘ እዚያው ቆሟል፤ ሰውም ይጎበኘዋል። ሥራው ሳያልቅ የአዲስ ዓመት ዋዜማ እራት በኢጓኖዶኑ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ሊቃውንትን ጋብዞ ነበር። ባለሽቦ፣ ሽኮኮህ ሆድ ውስጥ እኛን ለመጋበዝ ትንሽ አሳድጋት።

ወደ ቁም ነገሩ። ለቀንዱ ሥርና ለዓይኑ ዙሪያ ባለ ሁለት ክፍል የኤፖክሲ ሊጥ ይሻላል። ሁለቱን እኩል አድርገህ ስታሸው ይጠነክራል፣ አይኮማተርም፣ ሽቦም እንጨትም ቀንድም ይይዛል። እጅህ ላይ ጓንት አድርግ። ወደዚያ የሚመጣ ሰው ካገኘሁ እልክልሃለሁ።

ሀና ዘወለቃ

እናቴ ጎንደር ወለቃ ነው የተወለደችው፤ እኔ እስራኤል ነው ያደግሁት። በእኛ ቤት ሴቶቹ ሁሉ ጭቃ ያውቃሉ። ወለቃ የሄደ ሰው ትንንሾቹን የሸክላ ምስሎች አይቷቸዋል። አንተ ደግሞ የጭልጋ እንስሳ ስትል ጊዜ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጭቃህን ወረቀት ላይ ነው የምትቀባው? እንግዲያው አቅጥነው። ወረቀት አይኮማተርም፣ ጭቃ ግን ሲደርቅ ይሰበሰባል። ወፍራም ከሆነ ተሰንጥቆ ይረግፋል። እናቴ የምትለውን ልንገርህ፦ ጭቃው ለቤት ምርጊት እንደሚደረገው ከጭዱ ጋር ተረግጦ፣ ተሸፍኖ ይሰንብት። ሲሸት ጊዜ ደረሰ ማለት ነው። ጭዱ የጤፍ ይሁን፤ የስንዴው ሸካራ ነው፣ ለትንሽ እንስሳ አይሆንም። መጀመሪያ በጣም የቀጠነውን በብሩሽ ቀባው። ሲደርቅ ወፈር ያለውን። ኮላ ጨምርበት፣ ባልተተኮሰ ጭቃ ላይ እሱ ነው የሚይዝልህ።

ስንጥቅ መምጣቱ አይቀርም። የት እንዲመጣ እንደምትፈልግ ግን አንተ ትመርጣለህ። ክርኑ ጋ፣ ጉልበቱ ጀርባ፣ አንገቱ የሚታጠፍበት ጋ ጭቃውን ወፈር አድርገው። እዚያ ሲሰነጠቅ የቆዳ እጥፋት ይሆንልሃል።

ጥፍሮቹን ግን ለብቻ ሠርተህ ተኩሳቸው። ሸክላ ጥፍር ሲያዩት ያምራል።

የድሮ አጥንት

ሀና ስለ ጥፍር ካነሣሽ አይቀር፦ ሽኮኮ ፊት እግሯ ላይ አራት፣ ኋላ እግሯ ላይ ሦስት ጣት ነው ያላት። በድምሩ 14። ሁሉም ጠፍጣፋ፣ ትንሽ ሰኮና የሚመስሉ ናቸው። የኋላ እግሯ የውስጠኛው ጣት ብቻ ሹል ጥፍር አለው፤ ጠጉሯን የምታበጥርበት። አርሲኖይቴሪየም በየእግሩ አምስት ጣት ነበረው። ባለሽቦ ገላው የሽኮኮ ነው ስላልክ አራትና ሦስት አድርገው። ያቺን ማበጠሪያ ጥፍር እንዳትረሳት። ማንም ላያስተውላት ይችላል፤ እኔ መጥቼ አያታለሁ።

ጥርስ ላይ ደግሞ መምረጥ አለብህ። ሽኮኮ ከላይ ሁለት ሹል፣ ዕድሜ ልካቸውን የሚያድጉ የፊት ጥርሶች አሏት፤ እንደ ዝሆን ጥርስ በሏቸው። አርሲኖይቴሪየም የሚያወጣው ጥርስ አልነበረውም። 44 ጥርሶቹ ክፍተት ሳይኖር ተደርድረው ነው የሚታዩት። አፉን ከዘጋኸው ትገላገላለህ።

ባለሽቦ

አፉ ተዘግቷል። ግን የሽኮኮዋ ሁለት ጥርሶች ጫፋቸው ከከንፈሩ ሥር ብቅ ይላል። ራሱ ላይም ከሽኮኮ የሆነ ነገር ይኑር ብዬ ነው።

ቄራ ሰፈር

የበሬ ቀንድ ፈልገህ ከሆነ ችግር የለም፤ ልኳንዳ ቤት ጠይቅ፣ ወይም ቆራሌው ያመጣልሃል። ግን ልኩን አስብ። 90 ሳንቲ እንስሳ ላይ ሙሉ የሰንጋ ቀንድ ብትጭንበት ከራሱ ይበልጣል። ጫፉን ብቻ ቁረጥ። ጫፉ ድፍን ነው፣ ሲወለወል ጥቁር ብርጭቆ ነው የሚሆነው። ሥሩን ሽቦና ወረቀት አድርግ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ኤፖክሲ አያይዘው። እንደዚያ ከሆነ ሥሩ ሰፊ፣ ጫፉ እውነተኛ ቀንድ ይሆናል።

አዲስ ከታረደ የመጣ ከሆነ ውስጡ ያለው አጥንት መውጣት አለበት። ባልዲ ውስጥ ውኃ ሞልተህ ዘፍዝፈው፣ ሲላላ ይወጣል። ቀቅለው ያሉህ እንደሆነ ደጅ ቀቅለው፤ ቤት ውስጥ ከቀቀልከው ጎረቤት ጠበል ይረጭብሃል። በሰጌቶ ስትቆርጠውና በብርጭቆ ወረቀት ስታለሰልሰው አፍህን ሸፍን። የቀንድ ብናኝ ለሳንባ መጥፎ ነው። ሲሞቅ ለስለስ ስለሚል ትንሽ ልታጎብጠው ትችላለህ። ማበጠሪያና ዋንጫ የሚሠሩት ሰዎችም የሚያሞቁት ለዚህ ነው።

ሚሚ ዘፒያሳ

አጎቴ ቤት የድሮ የድኩላ ቀንድ አለ ግድግዳ ላይ። ላመጣልህ? አንድ የዝሆን ጥርስ አምባርም አለ።

የድሮ አጥንት

ሚሚ ሁለቱም እዚያው ግድግዳቸው ላይ ይቆዩ። የዱር እንስሳ ዕቃ ዐውደ ርእይ ላይ ወጥቶ ጣጣ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 አዲስ አበባ ላይ ከ6 ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ በአደባባይ ተቃጥሏል። መልእክቱ ግልጽ ነው።

ከዚያው ጋር፣ ጭልጋ ወይም አፋር ሄዶ እውነተኛ ቅሪተ አካል ለቅሞ ቅርጹ ላይ ልሰካ የሚል ካለ፣ አይሞከርም። ቅሪተ አካል በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተጠበቀ ቅርስ ነው። ከቦታው የተነሣ አጥንት ደግሞ ከየትኛው ንብርብር እንደመጣ ስለማይታወቅ ዕድሜው አብሮ ይጠፋል። አዲስ አበባ ያለህ ሰው ብሔራዊ ሙዚየም ግባና በዓይንህ ጠግበህ ውጣ።

ባለሽቦ

ጉዳዩ የት ደረሰ ላላችሁ። ፎቶ አያይዣለሁ።

አንዱ ፌሮ ነገሩን ሁሉ ቀየረው። ትከሻው ተነሥቷል። ከትከሻው ወደ ራሱ የሚሄደውን ጅማት በሦስት የተገመደ ጥቁር ሽቦ ሠራሁት፣ ከጋዜጣው ሥር ወጥሮ ይታያል። ጋሼ ድንጋዩ አድሯል፣ አፍንጫው አልወረደም። ጋዜጣውን በዱቄት ሙጫ ሳይሆን በኮላ ነው የለጠፍኩት፤ ዱቄት አይጥና ነቀዝ ይጠራል። ሆዱን ለማቅለል የቴሌቪዥን ማሸጊያ ነጭ ፎም ሞላሁበት። ፎም ላይ ሱፐር ግሉና ቲነር እንዳታስነኩ፣ ይበላዋል።

ጭቃው ሀና እንዳለችው በሁለት ዙር ተቀብቷል። ክርኑ ላይ የወጣው ስንጥቅ አውቄ የሣልኩት ነው የሚመስለው። ጥፍሮቹ ተተኩሰው መጥተዋል። ያቺ ማበጠሪያም አለች።

አሁን የቀረው ጠጉር ነው። ራሱ ጠጉር አልባ፣ ገላው ጠጉራም። ድንበሩ የት ይሁን?

ሚሚ ዘፒያሳ

ኧረ ትከሻው! ይሄማ ሊዋጋኝ ነው።

በጠጉሩ እኔም አንድ ቀን ልጥቀም። ቃጫውን አንድ ቀለም አታድርገው። እኔ አሻንጉሊት ስሠራ ከፍዬ ከፍዬ ነው የምነክረው፤ አንዱን በሻይ፣ አንዱን በቡና አተላ፣ አንዱን እንዳለ። ከዚያ ሦስቱን በሹካ አበጥሬ እቀላቅላቸዋለሁ። ስትለጥፍ ከኋላ ወደ ፊት፣ ከታች ወደ ላይ ሂድ። የላይኛው የታችኛውን ሙጫ ይሸፍነዋል።

ድንበር ግን አታብጅ። መስመር ካበጀህ ሹራብ የለበሰ ነው የሚመስለው። ትከሻው ላይ ጥቅጥቅ ይበል፣ አንገቱ ላይ ይሳሳ፣ ከትንንሾቹ ቀንዶች ኋላ አንድ አንድ ፍሬ ይቅር። ጭቃው ከሥሩ ይታይ።

የድሮ አጥንት

ሚሚ ይቺን ዳይኖሰር ይቅር ብያታለሁ።

ሁለት ነገር ልጨምር። ሽኮኮ በጠጉሯ መሀል መላ ገላዋ ላይ ተራርቀው የበቀሉ ረጃጅም ጥቁር ጠጉሮች አሏት። ድንጋይ ሥር ስትሹለከለክ የምትዳስስባቸው ናቸው፤ ድመት ከንፈሯ ላይ ያላት ዓይነት። የድሮ ጭራ ካለህ ከፈረስ ጅራቱ ጥቂት ምዘዝና በመርፌ እየወጋህ ትከላቸው። ከሩቅ አይታዩም። ጠጋ ያለ ሰው ግን እንስሳውን በሕይወት ያገኘዋል። ጀርባዋ መሀል ደግሞ ቀለሙ የተለየ የጠጉር ክብ አለ፣ ከሥሩ እጢ ያለበት። ስትቆጣ ያ ጠጉር ይቆማል። አንተ አቁመው፤ ትከሻው የተቆጣ እንስሳ ነው የሚመስለው።

ዓይኑን ምን አደረግኸው?

ባለሽቦ

ብይ ነው። ቡናማ ብይ፣ ከኋላው ጥቁር ቀለም ተቀብቶ። የሽኮኮ ዓይን ላይ ከላይ ወደ ብሌኑ የሚወርድ ትንሽ ጥላ እንዳለ አንብቤያለሁ፤ ፀሐይ ቀጥ ብላ የምታየው በእሱ ነው። ብዩ ላይ በቀጭን ብሩሽ ያንን ጥላ ሣልኩት። ቆቡን በሲልቨር ስፕሪንግ ኤፖክሲ ሠራሁት። እናመሰግናለን፣ ዕቃው ደርሷል።

ነጻ እጅ

እሺ፣ ትከሻው አሸነፈኝ። ግን አሁንም ዕቃው አምስት ነው። አንድ ነገር ሞክር፦ አንድ ቀለም ምረጥና እንደ ውኃ አቅጥነህ ሁሉም ላይ አሳልፈው። ጭቃውም፣ ቀንዱ ሥርም፣ ቃጫውም፣ ጥፍሩም። ጥቁር ቡናማ ይሁን። ቀብተህ ወዲያው በጨርቅ ጥረገው፣ ጎድጓዳው ላይ ብቻ ይቅር። የቀንዱ ጫፍ ብቻ ሳይነካ ያብረቅርቅ። ከዚያ ጣውላውን በጥቁር ድንጋይ ስብርባሪ ሸፍነው። ስለ ላቫው አንተው ነህ የነገርከን።

ቨርኒሽ እንዳትቀባው ብቻ። ጭቃ ቨርኒሽ ሲቀባ የሆቴል በር ይሆናል።

ሀና ዘወለቃ

ቀለሙን የምትጠርግበት ጨርቅ እርጥበቱ ይነስ፤ ያልተተኮሰ ጭቃ ነው፣ ውኃ ከበዛበት ይለቃል።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ሰው መጥቶ ሲያይ «ይሄ ጭልጋ ይኖር የነበረ እንስሳ ነው» ብሎ ነው የሚሄደው። ልጆችም ይመጣሉ። ምን ብለህ ልትጽፍበት ነው?

የድሮ አጥንት

ሀና ዋናውን ነገር አነሣች። እኔም ልጠይቅ ነበር። አሳማኝ በሆነ መጠን ጽሑፉ ግልጽ መሆን አለበት። አለበለዚያ ፎቶው ፌስቡክ ላይ ይወጣና በሳምንቱ «ጎንደር የተገኘው ተአምረኛ እንስሳ» ይባላል።

ባለሽቦ

ረቂቁ ይኸው፦

«ራሱ የአርሲኖይቴሪየም ነው። ይህ እንስሳ ከ27 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጭልጋ ኖሯል። ገላው የሽኮኮ ነው፤ ዛሬም ገደል ላይ ታገኟታላችሁ። ሁለቱ ዘመዶች ናቸው። ትከሻው ግን የማንም አይደለም፤ ቀራጺው የፈጠረው ነው። እንዲህ ያለ እንስሳ ኖሮ አያውቅም። ፌሮ፣ ሽቦ፣ ጋዜጣ፣ ጭቃ በጤፍ ጭድ፣ ሸክላ፣ የበሬ ቀንድ፣ ቃጫ፣ የፈረስ ጅራት፣ ብይ።»

ነጻ እጅ

«ኖሮ አያውቅም» የሚለውን ከላይ አምጣው። ሰው እስከ ታች አያነብም።

ሚሚ ዘፒያሳ

ልክ ነው፣ እኔም ከሦስተኛው መስመር አላልፍም። ይልቅ በምን ልትወስደው ነው? ላዳ አይችለውም።

ጋሽ መዶሻ

ፒካፕ ያስፈልገዋል። ጣውላውን በአራት ብሎን ከፒካፑ ወለል ጋር እሰረው እንጂ እንስሳውን በገመድ እንዳትጠፍረው፤ ቃጫው ይነቀላል። ትልልቆቹን ቀንዶች ገና ካልዘጋሃቸው ከውስጥ ብሎን አድርግላቸው፣ ለመንገድ ይፈቱ። ጠዋት በማለዳ ውሰደው፣ ከሰዓት ዝናብ አለ።

ባለሽቦ

ቀንዶቹ አልተዘጉም ጋሼ፣ እንዳሉት አደርጋለሁ። «ኖሮ አያውቅም» የሚለውም ወደ ላይ ወጥቷል። ፒካፕ ያለው ሰው በውስጥ ይጻፍልኝ፤ ነዳጁን እችላለሁ።